የመፈለጊያው መርዶ

ሰቆጣ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የእርዳታ እህል ተቀባዮች የሚመዘገቡበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስሠራው መፈለጊያ አልነበረውም። መዝጋቢዋ አንድ ስም ለማግኘት ማውሱን እያሽከረከረች ከላይ እስከ ታች ትወርዳለች፤ ሰልፈኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ እሷንም እኔንም ይራገማል። ኃላፊያችን አንድ ቀን አስጠርቶኝ «ይሄ ነገር ኮምፒውተር ነው ወይስ አህያ?» አለኝ።

በንዴት ተነሥቼ ከፕሮግራሙ አናት ላይ የመፈለጊያ ሳጥን ጨመርሁበት። አንድ ፊደል ሲጻፍበት ዝርዝሩ ይሳሳል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ይበልጥ ይሳሳል፤ በመጨረሻ የተፈለገው ሰው ብቻውን ይቀራል። በሕይወት ያለው በአረንጓዴ፣ የሞተው በቀይ እንዲታይም አደረግሁ። ምን ይደበቃል፣ ኮርቼበት ነበር። ኃላፊው ደግሞ ስክሪኑ ወደ ሰልፈኛው ይዙር አለ፤ «ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ ይመን፣ ደበቃችሁን እንዳይለን።» አዞርነው።

በአቅራቢያችን ካለው ዝቋላ ወረዳ መጥተው ከተማው ዳር ወንድማቸው ዘንድ የሚኖሩ አንዲት እናት የመጡት መዝጋቢዋ ምሳ በወጣችበት ሰዓት ነው። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ።

«ልጄ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ሲመለስ ስሙ ቀርቶ እንዳይጠብቀው እስቲ እይልኝ» አሉኝ።

«ይንገሩኝ እማማ፣ አሁኑኑ ነው» አልኋቸው። ስሙን ጠሩልኝ፣ ጻፍሁት። ዝርዝሩ ሳሳ፣ ሳሳ፣ አንድ ቀይ መስመር ቀረ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ከኋላቸው የቆመው ሰውዬ ግን ይችላል፤ መቻሉን ማሳየትም ይወዳል። «ሞቷል ይላል» አለ፣ የስኳር ዋጋ የሚያነብ ይመስል።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሎች ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱን ይዘው ቤት ድረስ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ ቃል መርጠው ነው የሚያረዱት። የእኚህ እናት ወንድም ልጃቸውን ወባ እንደጨረሰው ከሰማ ቆይቷል። የሞተ ሰው እህል አንበላም ብሎ ሞቱን ለመዝጋቢዋ በምስጢር ነግሮ ያስመዘገበውም እሱ ነው። ለእህቱ ግን መጀመሪያ ከሕመሟ ታገግም ተባለ፣ ከዚያ ጾሙ ይፈታ፣ ከዚያ የዘመድ ሰርግ ይለፍ። እነሱ እንዲህ ሲሉ የእኔ ሳጥን ቀደማቸው።

እናት አልጮኹም። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው «ዛሬ ሰልፉ ቶሎ አለቀ፣ ጎበዝ!» ብሎ ትከሻዬን መታ። ልተፋበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከቀናት በኋላ ወንድማቸው ቢሮ ድረስ መጣ።

«ሽማግሎቹ ሰምታለች፣ ከእንግዲህ ምን ልንላት ነው ብለው ቀሩ» አለኝ። «እሷ በየማለዳው በሩን ከፍታ ትጠብቃቸዋለች። ሰው አልነገረኝም፣ ሰው ሳይነግረኝ አላለቅስም አለች። እህልም አትቀምስ። የጀመርኸው አንተ ነህ፤ ና ጨርሰው።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብዬ ጮኽሁበት።

«ሳትጠራ ገብተህ የለ?» አለኝ።

ሽማግሎቹን ለምኖ አመጣቸው፤ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አብሬያቸው ገባሁ። በሩ ክፍት ነበር። ተቀመጥን። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት ቃል ጠፋብኝ። እናት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ተናገር እንጂ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን ፈጣን አልነበርህ?»