የላወር ሰማያዊ ጠርሙሶች

ኦዱማሴ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ጠርሙስ ሰብሮ ጎረቤት እንዳይዘልበት አጥሩ አናት ላይ የሚተክልና ቢሰበርበት እንኳ ስባሪውን የማይጥል። ደዴ ከፊተኞቹ ነበረች፤ የወንድሟ ሚስት ማምሌ ከኋለኞቹ።

ማምሌ ቤት ብርጭቆ ሞቶ አያውቅም። የማርማላታ ብልቃጥ ክር ገብቶለት ኩራዝ ይሆናል። አፉ የተሸረፈ ብርጭቆ ጨው ይይዛል። የቢራ ጠርሙስ ሊጥ ይዳምጣል።

«ወንድሜ ያገባው ሴት ነው ወይስ ቆሻሻ መጣያ?» ትላለች ደዴ።

የማምሌ ባል ላወር ይስቃል። ሆዱን እያመመውም ይስቃል። የሆድ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር ሰማያዊውን ጠርሙስ አጥቦ ለማምሌ መስኮት ላይ ይደረድርላታል። እሱ ሲሞት ጠርሙሶቹ እዚያው ቀሩ።

ከዚያ የልጃቸው የኮርኮር ዲፖ ደረሰ። ልጃገረድ አደባባይ ወጥታ ሴት የምትባልበት ቀን ነው፤ ያለ ዶቃ መውጣት ማለት ራቁት መውጣት ነው። የላወር ቤተሰብ ዶቃ ደግሞ ያለው ደዴ ሣጥን ውስጥ ነው። ማምሌ ሄደች።

«እትዬ፣ ለኮርኮር ያባቷን ወገን ዶቃ ያውሱልኝ።»

«ላወር የለም። ምን ወገን አላት?»

«ልጁ አለች እኮ!»

«አንቺ ጠርሙስ አይደል የምትወጂው? አንገቷ ላይ ጠርሙስ አንጠልጥይላት!»

እንግዲህ ይኸው ነው! የሙት ልጅ ካያቶቿ ሣጥን ስትባረር፣ ወግ ወግ የሚሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ጢማቸውን ያሻሹ እንደሆን እንጂ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ማምሌ ግን አላለቀሰችም።

«እሺ፤ አንጠለጥልላታለሁ» ብላ ወጣች።

የእናቷ ወገን ዶቃ ሠሪዎች ነበሩ፤ የጭቃው ምድጃ ጓሮ አለ። ከሰማያዊዎቹ ጠርሙሶች ከፊሉን በሙቀጫ ወቀጠች፣ ዱቄቱን ነፋች፣ የሸክላ ቅርጽ ጉድጓዶች ውስጥ ጨመረች። በየመሐሉ የካሳቫ ቅጠል አገዳ ሰካች፤ እሱ ተቃጥሎ ሲያልቅ የክር ቀዳዳ ይተዋል። ሰማያዊው እንዳያንሳት ፈርታ ግን የቢራ ጠርሙስ ዱቄት ቀላቀለችበትና ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ዶቃው ሲበርድ ቷ! ቷ! እያለ ተሰነጣጠቀ።

ጎረቤቷ ናርኪ ባጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። «ማምሌ፣ ዶቃ ነው ፈንዲሻ?»

«ሁለቱ አልስማማ አሉ እናቴ! የባሌ እህትና የኔ ነገር ሆኖ ነው።»

የቀሩትን ሰማያዊ ጠርሙሶች ለብቻቸው ወቅጣ እንደገና ምድጃው ውስጥ ከተተች።

በዲፖው ቀን ኮርኮር አደባባይ ስትወጣ አንገቷና ወገቧ ላይ ፀሐይ ያረፈበት ውሃ የተጠመጠመ መሰለ። ሴቶቹ ተጋፉ። «የማን ቤት ዶቃ ነው? እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም!» ደዴም ሰው ገፍታ መጣችና አንዱን ፍሬ ያዘች።

«ከየት አመጣሽው?»

«ያባቴ ነው አክስቴ። የመድኃኒቱ ጠርሙስ።»

ደዴ ያን ሰማያዊ ታውቀዋለች፤ ወንድሟን በማንኪያ ያጠጣችው እሷ ነበረች። ጣቷ ዶቃውን አልለቅ አለ። ቀና ስትል ማምሌ ፊቷ ቆማለች።

«ማምሌ... አንድ ፍሬ አልተረፈሽም?»

«ተርፎኛል። ግን የላወር ወገን ዶቃ ነው እትዬ። የሱ ወገን መሆንዎን በምን ልወቅ?»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ደዴ ዶቃውን ለቃ ሄደች። በማግስቱ ግን ያን ሣጥን ራሷ ላይ ተሸክማ፣ ሰፈሩ እያያት መጥታ ኮርኮር እግር ሥር አስቀመጠችው።

ማምሌ ሰማያዊዋን ፍሬ ክር ላይ አድርጋ ደዴ አንገት ላይ አሰረችላት። ካሰረችም በኋላ እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ፣ ያ አጥርዎ ላይ የተተከለው አረንጓዴ ጠርሙስም ቢወርድ ጥሩ ዶቃ ይወጣዋል።»