አባባ እህል እምቢ ያሉ ጊዜ

ከያዮ ያዙኝና መቱ ዳር አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጣሉኝ። እስረኛ ስለበዛ መጋዘኑ እስር ቤት ሆኖ ነበር። የቆርቆሮው በር ከኋላዬ ሲቆለፍ አየሩ የታፈነ፣ ወለሉ ሰው በሰው ነበር። ጥርስ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ሁላችንም አባባ እንላቸው ነበር። እሳቸው የታሰሩት ልጃቸው ተፈልጎ ስለታጣ በእሱ ምትክ ነው።

አንድ ሰሞን አባባ እህል እምቢ አሉ። እኛ ፖለቲከኞች ነንና ለምክንያቱ አልቸገረንም፤ የረሃብ አድማ ነው አልን። ኮራንባቸው። እንዲያውም ከመሃላችን አብሯቸው መብላት ያቆመ ነበር። የእስር ቤቱ አዛዥም እንደኛው አመነ። አድመኛ ሐኪም ቤት አይሄድም፣ መጀመሪያ ይብላ አለ።

እኔ አጠገባቸው ስለምተኛ ሆዳቸው እንደ ከበሮ መወጠሩን አየሁ። አረንጓዴ ነገር ያስመልሳቸዋል፤ ቶሎ ብለው በጋቢያቸው ይሸፍኑታል። አጥብቄ ስጠይቃቸው በጆሮዬ ነገሩኝ። ባለቤታቸው የሚያመጡላቸውን ዘይቱን የሚባለውን ጓቫ ማኘክ ስለማይችሉ ከነፍሬው ሲውጡት ሰንብተዋል። አሁን ከላይ የገባው ወደ ታች አይወርድም፤ ንፋስ እንኳ የለም። ሆድ ይፍጀው ብለው ችለውት ኖሯል። ይህን በልጆች ፊት ከማውራት ሞት ይሻለኛል አሉኝ። በጣም ፈራሁ።

ጠዋት አዛዡ እንጀራ በወጥ አስይዞ መጣ። እፊቱ ከበሉ መኪና እንደሚያዝላቸው ነገራቸው። ከበሉ መሞታቸው ነው፤ ካልበሉም አይወጡም። ልናገርላቸው ብነሳ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አባ ኮ፣ አባቴ፣ አድማውን ይተዉና ይብሉ» አላቸው አዛዡ።

«አድማ አይደለም ልጄ። ሆዴ ተዘግቷል። ፈስ እንኳ ከወጣኝ ሰንብቷል።»

ሌላ ቀን ቢሆን መጋዘኑ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ማንም አልሳቀም። አዛዡ አቀርቅሮ በሩን አስከፈተ። እንሸከምዎት ብንላቸው አሻፈረኝ ብለው በሁለት ፖሊሶች መሃል በእግራቸው ወጡ።

ከተፈታሁ በኋላ፣ እሳቸውም ድነው ተፈተው ነበርና፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሐኪሞቹ አንጀታቸውን ሲከፍቱ የዘይቱኑ ፍሬ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ደርቆ አግኝተውታል። ሽማግሌ ላይ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው ብለዋቸዋል።

ዛሬ ወጣቶች በእስር ቤት ስላየሁት ጀግንነት ሲጠይቁኝ ይህንኑ አወራላቸዋለሁ። አባባ የተናገሩት ላይ ስደርስ ይስቃሉ። እኔ ግን እስካሁን መሳቅ አልቻልኩም።