የሰዒዳ ቀሲማ

የእህቴ የሰዒዳ የመጨረሻዋ ደህና ቀን ጁምዓ ነበረች። ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ሳምንት ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም። አሁን የምጽፈው የማን ወንድም እንደሆንኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

የምንኖረው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ነው። ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ጁምዓ ሲያርፉ እህቴ ቤት ይሰበሰባሉ። ያን ቀን ሉባባ የምትባለው ልጅ ደም እየፈሰሳት መጣች። የአሠሪዋ ልጅ አስገድዷት አርግዛ ነበር። ጽንሱን ራሷ ልታስወርድ ሞክራለች።

ሴቶቹ ተከራከሩ። ጎረቤታችን እትዬ ጦይባ፣ «ነፍስ ነው! እኔ እጄን አላስገባም» አሉ።

«ሕጉ እኮ ለተደፈረች ይፈቅዳል» አለች ሰዒዳ።

«ማን ሄዶ ይክሰስ? መጀመሪያ የሚያስሩት እሷን ነው!»

«እሱማ እውነት ነው። ታዲያ እየተከራከርን ትሙትብን? የእሷስ ነፍስ አይደለም እንዴ፣ እትዬ ጦይባ?»

እንዲህ ሆና ሆስፒታል የሄደች ሴት መጀመሪያ የምትጠየቀው ቀሲማ ነው፤ የጋብቻ ወረቀት። ከሌላት ፖሊስ ይጠራል። ወረቀቱ ፎቶ የለበትም። ሰዒዳ የራሷን ከሣጥን አውጥታ ለሉባባ ሰጠቻት።

«በቃ፣ ሰዒዳ አንቺ ነሽ። ባሌን እንዳትቀሚኝ ብቻ! ያላ፣ ተነሺ።»

ሉባባ በዚያ ሁኔታዋ ሳቀች። ሪክሻ ጠራሁላቸው። ሉባባ በእህቴ ስም ሆስፒታል ተኛች።

እህቴ ራሷ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እሑድ ጠዋት እሷም ደም ፈሰሳት። ቅርባችን ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ወሰድኳት። ቀሲማ አሉን። ባለትዳር ናት፣ ወንድሟ ነኝ ብል አልሰሙኝም። ባሏ ሹፌር ነው፤ ፖርት ሱዳን ነበር።

«ወረቀቱን ከሉባባ ሮጬ ላምጣው» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «ከወሰድክባት ያስሯታል። እኔ ባል አለኝ፤ ቢዘገይም ይረጋገጣል። ተው፣ ሐሰንዬ።»

ተውኩት። ምስክር አምጣ ሲሉኝ እትዬ ጦይባን ይዤ መጣሁ። እጄን አላስገባም ያሉት ሴትዮ እያለቀሱ ማሉላት። ሐኪም ያያት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ጽንሱ ከማህፀን ውጪ ነበር አሉኝ። አልተረፈችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት።

ወረቀቱን ባመጣው ኖሮስ? አላውቅም። ይሄ ጥያቄ አይተወኝም። እሷ ግን ማንን እያዳነች እንደሆነ ታውቅ ነበር። ይህን ሳስብ አንገቴን ቀና አደርጋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከለቅሶው ተነሥቼ ሉባባ ወዳለችበት ሄድኩ። ድናለች። ልትወጣ ነው፤ ግን የቤተሰብ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። ሉባባ ገና አልሰማችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፈገግ ብላ ታየኛለች።

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና፣ «ሰዒዳ» ብሎ አነበበ። «ምንህ ናት?»

«እህቴ ናት» አልኩት።

ፈርሜ ወደ ቤት ወሰድኳት።