ዛሬ ለስልክ ብድግ አልኩ

ዛሬ ለስልክ ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። ንጉሥ ይሙት፣ አልዋሽም!

ፒያሳ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ስልክ ከገባ ገና ወሩ ነው፤ የማነሳውም እኔ ነኝ። ጠዋት እትዬ አጸደ ደወሉ። የልጃቸው የሠርግ ካባ ለዛሬ ይደርሳል ብለናቸው ነበር፤ ጥልፉ ግን አላለቀም።

ወንበሬ ላይ ተደላድዬ «አልደረሰም» አልኳቸው።

«ሌላ ሰፊ አላጣም!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

አሠሪዬ ጋሽ ሸረፋ መቀሳቸውን አስቀመጡና «በበር ቢገቡ ኖሮ ተቀምጠሽ ታናግሪያቸው ነበር?» አሉኝ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። «ሃሎ! ጨርቄን የሚወስድ ሰው እልካለሁ!» እሳቸው ናቸው።

ደንግጬ ብድግ አልኩ፤ ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ፣ እጅ ነሥቼ፣ «ኖር!» ወገቤ ጎንበስ ሲል ድምፄም አብሮ ጎንበስ አለ። (ጎረቤታችን አርመኑ ሰዓት ሠሪ ለግድግዳ እጅ ስነሣ አይቶ እስካሁን ይስቃል።)

እትዬ አጸደ ለስለስ ብለው «በእግዜር! ውይ፣ ቆመሽ ነው እንዴ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ። ጥልፉን ነገ ጨርሼ ራሴ አመጣልዎታለሁ።»

«ነገ ይሁን፤ ሠርጉ እሑድ ነው። በሞቴ ተቀመጪ!»

«ኧረ መጀመሪያ እርስዎ!»

«አንቺ ቆመሽማ አልቀመጥም!»

ለካ እሳቸውም ቆመዋል! በሽቦው ጫፍና ጫፍ ቆመን ስንለማመን ጋሽ ሸረፋ ወንበሬን ወሰዱት።

እናንተስ ለስልክ ተነሥታችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ እስቲ፣ ብቻዬን እብድ አልባል!