ባሌ እኔን ያልጠየቀኝ ጥያቄ

ባሌ ክርስትና አልተነሣም ነበር። አባቱ በደርግ ጊዜ ካድሬ ስለነበሩ ልጃቸውን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አላደረሱትም። እሱም አድጎ፣ የአፈር ሳይንስ መምህር ሆኖ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ "እኔ አላምንም" የምትለዋን ቃል ከሻንጣው ጋር ይዞ መጣ። የተጋባነው በማዘጋጃ ቤት ነው። እኔ የጎጃም ቄስ ልጅ፣ ሥጋ ወደሙ ሳልቀበል ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። እናቴ እሑድ እሑድ ትደውልና ገና ከሰላምታው ሳንወጣ "አሁንም እንደዚያው ነው?" ትለኛለች። "እንደዚያው ነው" እላታለሁ።

እንግዲህ ባሌ የክርስትና ትምህርት ጀመረ ቢሉኝ በደስታ እልል የምል ይመስለኝ ነበር።

ያስጀመረው ዝናብ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እኔን ከቤተ ክርስቲያን ሊወስደኝ ሲመጣ ዶፍ ያዘውና አዳዲሶቹ አማንያን የሚማሩበት የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ተጠለለ። ሲያባራ በር ላይ ቆሜ ብጠቅሰው "ቆይ" አለኝ በእጁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይጠራው ሄደ። በሦስተኛው ደብተር ገዛ።

የሚያስተምሩት ከዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን አሪቻ በሚባል የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲሠሩ የኖሩ፣ ራሳቸውም ጎልምሰው የተጠመቁ ናቸው፤ ፊደልም የቆጠሩት ከዚያ ወዲህ ነው። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ ትሆናለች።

"ዛሬ ምን ተማርን መሰለሽ?" ይለኛል ባሌ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። "እግዚአብሔር አዳምን 'ወዴት ነህ?' ያለው ለካ ጠፍቶበት አይደለም!"

"ጠፍቶበት መስሎህ ነበር?"

"አባባ ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ልጅሽ ብርጭቆ ሰብራ አልጋ ሥር ስትደበቅ፣ እግሯ እየታየሽ የት ነሽ ትያታለሽ።' እኔን እኮ ነው 'አንቺ' የሚሉኝ!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ይህንኑ በተጋባን ዓመት ራት ላይ ነግሬው ነበር። ያኔ የመለሰልኝ ሹሮው ጨው እንደበዛበት ነው።

ቅናት መሆኑን ቶሎ አልተረዳሁም። ለሃይማኖቱ የተቆረቆርኩ መሰለኝ። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ስሕተት ሳይ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። "እስቲ ምን እንደሚያስተምሩ ልስማ" ብዬ አንድ ቅዳሜ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከገጠር የመጡ ሁለት ሴቶች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌርና ባሌ ነበሩ። ቤት ውስጥ በእያንዳንዱ ቃል የሚከራከረኝ ሰው ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ ተቀምጧል። ከዚያ እጁን አወጣ። እጁን!

"አባባ፣ ልጸልይ ስል ማንን እንደማናግር ካላወቅሁስ?"

ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ድምፁም ለእኔ የሚያወጣው ድምፅ አልነበረም።

ሽማግሌው አልቸኮሉም። "አላውቅም በያት" አሉ። "እሷ ታውቃለች።"

"በለው ነው የሚባለው!" አልኩ ከኋላ። ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። "እግዚአብሔር እሷ አይባልም፣ አባባ።"

የባጃጁ ሹፌር ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

"እሺ ልጄ" አሉ። "አማርኛ እኔ ጋ ዘግይታ ነው የመጣችው።"

ትምህርቱ ቀጠለ፤ ግን እያንዳንዱን ቃል ከመናገራቸው በፊት ዓይናቸው ወደ እኔ ይመጣል። ቃሉ እየቀነሰ ሄደ። ባሌ ደብተሩን ዘጋ።

መንገድ ላይ "ምን ነካሽ?" አለኝ።

"ለክብሩ ብዬ ነው።"

"ለማን ክብር?"

ነጠላዬን አስተካክዬ ቀድሜው ሄድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄደም። ቤት ውሎ የቧንቧውን ጎማ ቀየረ፣ ከእኔ ጋር ምሳ በላ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ባሌ ተመለሰልኝ ብዬ ወጥ ላይ ቅቤ ጨመርኩ። በማግስቱ እናቴ ደውላ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ። "እንደዚያው ነው" አልኳትና ስልኩን ቶሎ ዘጋሁ። የዚያን ቀን እንደዚያው ያደረግሁት እኔው ነበርኩ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ይዤ ጪጩ ወረድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ የእንሰት ቅጠል ይቆርጣሉ።

"ና ልጄ፣ ግባ" አሉኝ።

ቆሜ ነው የተናገርኩት። "አባባ፣ የዚያን ዕለት የተናገርኩት ስለ አማርኛው አይደለም። ቀንቼ ነው። እኔን ያልጠየቀኝን እርስዎን ስለጠየቀዎት።"

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "እኔስ ባልህ በአማርኛዬ አፍራ ቀረች ብዬ ነበር" አሉ። "ቄሱን ለምኜ ክፍሉን ላንተ ልሰጥ አስቤአለሁ። የቄስ ልጅ ነህ፣ ሁሉን ታውቃለህ። አንተ አስተምር።"

መፈለጌን አልክድም። ባሌ እኔ ፊት ደብተር ዘርግቶ እጁን ሲያወጣ ታየኝ። ምራቄን ውጬ "እኔን አይጠይቀኝም፣ አባባ" አልኩ። "እርስዎን ነው የሚጠይቀው። ቅዳሜ ይምጡ፤ እሱን እኔ እልከዋለሁ።"

ማታውኑ ለሽማግሌው ያልኩትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ለባሌ ነገርኩት።

"ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?" አልኩት በመጨረሻ።

"አንቺን ብጠይቅሽ የወደቀ ተማሪ ነው የምታዪው" አለኝ። "እሳቸው ግን ራሳቸውም ሳያምኑ ኖረዋል።"

አልተከራከርኩትም። የማላምንበት ዕድሜ ኖሮኝ አያውቅም፤ ይህን ከየትም አምጥቼ ልሰጠው አልችልም።

ቅዳሜ ሄደ። ከዚያ በኋላም አንድም ቀን አልቀረም። እኔ ቤት ሆኜ ደብተር አርማለሁ፤ ሰዓቱን ግን አያለሁ። ትምህርቱ አልቆ የጥምቀቱ ቀን ሲቆረጥለት፣ አንድ ምሽት ምሳ ዕቃውን እያጠበ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተናገረ።

"የክርስትና አባቴ እሳቸው እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ቅር ይልሻል?"

"ይለኛል" አልኩት። "ጠይቃቸው።"