ሁለት እጅ በአንድ ጣቃ

ፋብሪካው ውስጥ «ወይፍንክች» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ካቦው ነው፤ ከማሽኗ ሊያነሳት ሞክሮ ያቃተው ዕለት። እሷም አልከፋትም። «ካቦው ከሰጠኝ ሁሉ መልሶ ያልወሰደብኝ ይሄን ስም ብቻ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ፋብሪካው ወዳለበት ባዕድ አገር የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የአስራ ስድስት ዓመት ታናሽ እህቷን አስከትላ ነው። አገሩ ያኔ ባቡር ይዘረጋል፣ ፋብሪካ ያቆማል፤ የሰው ያለህ ይላል። ድንበር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ወረቀት አልጠየቃቸውም። መዳፋቸውን አይቶ፣ ሥራ ያሻከረው መሆኑን አረጋግጦ አሳለፋቸው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል፤ እህትማማቾቹ የደረሱት ብሩ ወደ መዳብ ሲለወጥ ነው። በዚያው ወር የወጣ ሕግ ማንም ፋብሪካ ከመቶ ሠራተኛ ከሃምሳ በላይ የውጭ ሰው እንዳይቀጥር ከለከለ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ የቀረው የሥራ ካርድ አንድ ብቻ ነበር።

ዘዴውን ያመጣው ካቦው ነው። «ካርዱ አንድ፣ ፈረቃው ሁለት። ቀን አንቺ ግቢ፣ ማታ እሷ ትግባ። በረኛው ቁጥር እንጂ መልክ አያይም» አላቸው።

አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ካርዱን በሩ አጠገብ ይቀባበላሉ። በተከራዩት ክፍል ያለው አልጋ አንድ ነው፤ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛበታለች። አብረው ማዕድ የሚቀርቡት በዕረፍት ቀን ብቻ ነበር። በአንድ ካርድ ለሁለት የሚያድረው ደግሞ እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ ወንድም ከወንድሙ፣ ባል ከሚስቱ ጋር፣ የፋብሪካው ግማሽ እንዲያ ነበር። ካቦው ያውቃል፣ የፋብሪካው ባለቤት ያውቃል። ጨርቁ እስከወጣ ድረስ ማን ምን ቸገረው?

አገሩ ሲጠግብ ሌላ ሕግ መጣ። የአስር ዓመት ሥራ በመዝገብ የሌለው የውጭ ሰው ይውጣ ተባለ። ፈታሾች ቤት ለቤት ሲዞሩ ታናሽየዋን በቀትር ተኝታ አገኟትና ካርድ ሲጠይቋት አጣች። በአስራ አምስት ቀን ውስጥ አገር እንድትለቅ ጻፉባት። ካርዱ በታላቅየዋ ስም ስለሆነ እሷን የነካት የለም። አፏን ብትይዝ መኖሪያዋ የተረጋገጠ ነበር።

«እትዬ፣ ተይው በቃ» አለች ታናሽየዋ። «ሁለታችን ከምንባረር አንቺ እንኳ ቅሪ።»

«አርፈሽ ተቀመጪ! እኔ ነኝ ያመጣሁሽ፤ ትተሻት ተቀመጪ የሚለኝን ሕግ ደግሞ አያለሁ!»

በማግስቱ ታላቅየዋ የኢሚግሬሽን ሹሙ ዘንድ ራሷ ሄዳ በአንድ ካርድ ሁለት ሆነው መሥራታቸውን ተናገረች። ሹሙ ጉዳዩን ለማጣራት ፋብሪካው መጣና መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። ካቦው ተጠራ። ቅጣት ፈርቶ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«አንድ ሴት ናት ጌታዬ። ሥራ ስለምትወድ ሁለቱንም ፈረቃ ትገባለች።»

«አስራ አንድ ዓመት ሳልተኛ?» አለች ወይፍንክች። «ጋሼ፣ እንዲህ ብርቱ ከሆንኩ ምነው ካቦነቱን ለእኔ ቢለቁልኝ!»

ከኋላ የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ግምጃ ቤቱ በየዓመቱ ከየማሽኑ አንድ ጣቃ ጨርቅ ለናሙና ያስቀምጣል፤ ከእሷ ማሽን የተቀመጡትን አስራ አንዱንም አስወጣችና ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ዘረጋቻቸው። ፈረቃ ሲለወጥ ሸማኔው አንድ ቀይ ክር ያስገባል። ድር ሲበጠስ ደግሞ በእጁ ይቋጥራል፤ ቋጠሮውም ከጨርቁ ጀርባ ይታያል። ታላቅየዋ በቀኝ እጇ፣ ታናሽየዋ በግራዋ ነው የምትሠራው። ከቀዩ ክር በፊት ያለው ቋጠሮ ሁሉ ወደ ቀኝ የዞረ፣ ከቀዩ ክር በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ግራ የዞረ ነው። ሹሙ አጠገቧ ለቆመችው ታናሽየዋ ክር ሰጥቶ በፊቱ አስቋጠራት፤ ቋጠሮው ወደ ግራ ዞረ። ከዚያ ጣቃዎቹን አንድ በአንድ አየ። ካቦው አቀረቀረ።

«ሁለት ናችሁ፤ አምኛለሁ» አለ ሹሙ። «ነገር ግን መዝገቡ የያዘው የአንድ ካርድ አስራ አንድ ዓመት ነው። ለሁለት ሲካፈል አምስት ዓመት ተኩል ይደርሳችኋል። ሕጉ አስር ይላል። እንግዲህ ሁለታችሁም አልሞላችሁም።»

«ምኑን ነው የሚያካፍሉት?» የወይፍንክች ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ፣ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ሠራች! ጨርቁን ስትወስዱ የሁለት ሰው፣ ዕድሜያችንን ስትቆጥሩ የአንድ ሰው?»

«እኔ የማውቀው ካርዱን ነው። ከበላይ ውሳኔ እስኪመጣ አንዳችሁ ብቻ ትገባላችሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወይፍንክች መንገድ ላይ አለቀሰች፤ ከንዴት እንጂ ከፍርሃት አልነበረም። እንባዋን ጠርጋ በአንድ ካርድ የሚያድሩትን ሁሉ ቤት አንኳኳች። «ነገ ጠዋት የቀኑም የማታውም በሩ ላይ ይቁም። እስከ ዛሬ ያዩት ግማሻችንን ነው» አለቻቸው። የፈሩ ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ መጡ።

ጠዋት የማታው ፈረቃ ወጣና ወደ ቤቱ አልሄደም። የቀኑ መጣና አልገባም። መንገዱ በሰው ታጠረ፤ በረኛው ያን ያህል ሕዝብ የት ተደብቆ እንደኖረ ግራ ገባው። ከውስጥ የማሽን ድምፅ የለም።

ካቦው እየሮጠ ወጣ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ግቡ እንጂ!»

«ማንኛችን እንግባ?» አለችው ወይፍንክች።

ካቦው ተመልሶ ወደ ባለቤቱ ሮጠ። ቀትር ሲደርስ ማሽኖቹ እንደቆሙ ነበሩ። ባለቤቱ ራሱ ሰው ልኮ ሹሙን አስጠራ፤ ሹሙም አዲስ መዝገብ ይዞ በሩ ላይ ጠረጴዛ አስዘረጋ። እያንዳንዱ በራሱ ስም፣ ከገባበት ዓመት ጀምሮ እንዲጻፍ ሆነ።

ከፊት የቆመችው ታናሽየዋ ነበረች። ሹሙ ቀና ብሎ «ስም?» አላት።

በዚያ ፋብሪካ ስሟን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። እንደ ልማዷ እህቷ እንድትመልስላት ዘወር አለች።

«እኔን ምን ታይኛለሽ?» አለች ወይፍንክች። «አንቺን ነው የጠየቀሽ። ጮክ ብለሽ ንገሪው።»