ከእህቴ ጋር ገበታ የለየን ጊዜ

ከሚወዱት ሰው ጋር አንድ ሳህን ከበው ተቀምጠው፣ ሆድዎ ገና ሳይሞላ «እኔስ በቃኝ» ብለው እጅዎን ሰብስበው ያውቃሉ? ካወቁ ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ነው። ካላወቁም ምናልባት አጠገብዎ የሚቀመጠው ሰው ያውቀው ይሆናል።

ነገሩን ያስታወሱኝ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። የማስተምረው ቡሬ ነው። ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ከክፍል ስወጣ፣ ከአጥሩ ሥር እህትና ወንድም አንድ ምሳ ዕቃ መሀል አድርገው ሲበሉ አየሁ። ወንድምየው ጥቂት ከጎረሰ በኋላ ጣቶቹን ጠራርጎ ጠግቤያለሁ፣ አንች ጨርሽው አላት። እሷም ምሳ ዕቃውን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ እኔም ጠግቤያለሁ አለች። ክዳኑ ተገጠመ፤ ምግቡ ወደ ቦርሳ ተመለሰ። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ዓይነት ጥጋብ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል፣ ታናሽ እህቴ ትርንጎ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ቤታችን ከብር ወንዝ ማዶ ነው፤ የመንደራችን ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። ስለዚህ በእኛ አገር ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ስንቃችን በገበያ ዕለት በአህያ ተጭኖ ይመጣልናል፦ በጤፍና በዳጉሳ የተጋገረ እንጀራ፣ ሽሮ፣ የባቄላ ክክ፣ በርበሬ፣ አንዳንዴም ድንች። አባየ ራሳቸው ካልመጡ ወደ ገበያ የሚወጣ ጎረቤት ያደርስልናል። ከታሸገበት ላስቲክ ውስጥ የሚወጣው የእንጀራ ሽታ ከነጢሱ የቤታችን ሽታ ስለሆነ፣ ትርንጎ ሁልጊዜ መጀመሪያ አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸተው ነበር።

ወጥ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ያኔም ቢሆን ነገሮችን በሥርዓት ማስኬድና ማስረዳት እወድ ስለነበር፣ ሳማስል ሁሉ ለትርንጎ እየተነተንኩላት ነበር። ክኩን ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ማታ ቶሎ ስለሚበስል ከሰል ይቆጥባል። ሽንኩርቱን በዘይት ሳይሆን በጥቂት ውኃ አቁላላዋለሁ፤ ዘይቱ የሚገባው በመጨረሻ፣ ለመዓዛው ያህል ነው። አከራያችን እትየ ላቀች የልብስ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት ጥግ ጎመን እንድንተክል ፈቅደውልን ስለነበር፣ ጥቂት ቅጠል ቀንጥሼ አጥቤ እከትፍና ወጡ ሊወርድ ሲል እጨምረዋለሁ። ጎመን ብዙ ከበሰለ ጥቅሙም መልኩም ይሄዳል። ከወረደ በኋላ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ሎሚ ሲኖር ሰውነት ከጎመኑ የሚያገኘው ብረት ይጨምራል። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ትርንጎ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ «አስተማሪዋ፣ ታዲያ ወጡ መቼ ነው የሚወርደው?» ትለኝ ነበር።

ምግባችን ርካሽ ነበር እንጂ መጥፎ አልነበረም። ግን ትርንጎ እየከሳች ሄደች። በጥር ወር የደንብ ልብሷ ቀሚስ ወገቧ ላይ አልቆም ብሎ በመርፌ ቁልፍ አጠበብንላት። አንድ ጠዋት ቦኖ ላይ ውኃ ልትቀዳ ተሰልፋ ሳለች ራሷን ስታ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ መርምራት ሌላ በሽታ እንደሌለባት፣ ምግብ ብቻ እንዳነሳት ነገረችን። እኔ አፈርኩም ተገረምኩም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደረሰ። በሚቀጥለው ገበያ አባየ መጥተው ትርንጎን ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና፣ እስከ ፋሲካ ፊቷ ካልተመለሰ ወደ ቤት ትመለሳለች አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ ስለዚህም የበለጠ ፈራን። ወደ ቤት ከተመለሰች ተመልሳ እንደማትመጣ እናውቃለን። በመንደራችን ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ብዙ ጊዜ አይሰጣትም፤ ሽማግሌ ይላክባታል። ትርንጎ ደግሞ ሒሳብ እየፈታች እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ናት።

ምን እንደጎደለ ማሰብ ጀመርኩ። ባቄላውን አብቅዬ ቀቀልኩ። ተልባ ወቅጬ በውኃ በጠበጥኩ። አቮካዶ በሚረክስበት ወቅት ከገበያ የተረፈውን ለስላሳውን ገዝቼ እንጀራ ላይ ቀባሁላት። ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ከአልጋው ሥር የድርቆሹን ቅርጫት ሳብኩት። የሚተርፈንን እንጀራ ፀሐይ ላይ አድርቄ የማስቀምጥበት ቅርጫት ነው። ሞልቶ አፉ ላይ ተቆልሏል።

ቁጭ ብዬ አየሁት። በቤቱ ምግብ አነሳት የተባለች ልጅ አለች፤ በዚያው ቤት ደግሞ በየቀኑ የሚተርፍ እንጀራ አለ። ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱን ያገኘሁት ከራሴ ነው። እኔ በየማታው እሷ ትብላ ብዬ ቶሎ እጄን አነሳለሁ። እሷስ?

ማታ ወጡን አቀረብኩና ሆን ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። ትርንጎ ጥቂት እንደ ጎረሰች በቃኝ አለች።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትተይው?» አልኳት።

«አንችስ?»

«እኔማ አንች እንድትበይ ነው።»

«እኔም አንች ለማትሪክ የምትዘጋጂ ስለሆንሽ ነው» አለችና አቀረቀረች። «እማየም ስንመጣ ለእህትሽ እወቂላት ብላኛለች።»

እናታችን ይህንኑ ለእኔም ብላኝ ነበር። እኛ አገር አንድ ገበታ ላይ ቀድሞ እጁን የሚያነሳ ሰው ጨዋ ነው፤ ለሌላው ያሰበ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት ጨዋዎች በአንድ ሳህን ላይ ተገናኝተን፣ ምግቡን ለድርቆሽ ቅርጫት ስንጋብዘው ከርመናል።

በማግስቱ ከእትየ ላቀች አንድ ሳህን ተዋስኩና ወጡን ለየብቻ አወጣሁት። ትርንጎ ደነገጠች። «ተጣልተናል እንዴ?» አለችኝ። እውነትም እኛ ጋ እህትማማች ገበታ የሚለየው ሲጣላ ብቻ ነው። ሕጉን አስረዳኋት፦ አንዷ ታወጣለች፣ ሌላዋ ሳህኗን ትመርጣለች፣ ከሳህን ላይ ምንም ነገር አይተርፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንበላ የሁለታችንም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ በበርበሬው አሳበብኩ።

ቀስ በቀስ ፊቷ ተመለሰ። መርፌ ቁልፉን ከቀሚሷ ላይ አወጣነው። ቅርጫቱም ጎደለ።

ግን እትየ ላቀች በበሩ ሲያልፉ ሁለቱን ሳህኖች አይተው ኖሯል። ደግ ሴት ናቸው፤ አዝነው ዝም ማለት አልቻሉም። በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ፣ አባየን ገበያ ላይ ሲያገኟቸው ልጆችዎ ተኳርፈዋል፣ ገበታ ለይተዋል ብለው ነገሯቸው።

አባየ አህያቸውን በሩ ላይ አስረው ገቡ። ሰላምታችንን በግማሽ ተቀበሉ። ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት ሳህኖች ላይ ነበር።

«ከአንድ ማሕፀን ወጥታችሁ ገበታ ከለያችሁ ምን ቀራችሁ?» አሉ። «ትምህርቱ ይኸን ካስተማራችሁ ይቅር። ትርንጎ፣ ልብስሽን ሰብስቢ፣ ዛሬውኑ እንሄዳለን።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። እኔ፣ ክፍል ውስጥ ሳልጠየቅ የምመልሰዋ ልጅ፣ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ከመንገድ የመጣ አባት ሳይበላ ክርክር አይጀመርም። ወጡ ምድጃው ላይ እየተንተከተከ ነበር፤ የባቄላ ክክ በድንችና በጎመን። አባየም ልብላና እንሂድ፣ ግን በአንድ አቅርቡት አሉ። በትልቁ ትሪ አቀረብን። እጅ ታጠብን፤ አባየ ባርከው ቆረሱ፤ ሁለታችንንም አጎረሱን።

ከዚያ ጥቂት እንደበሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እኔስ በቃኝ፣ ገበያ ላይ ቀምሻለሁ። እናንተ ብሉ።»

ገበያ ላይ ምንም እንዳልቀመሱ ከንፈራቸው ላይ የደረቀው አቧራ ይናገራል። ትርንጎ ወዲያው እኔም በቃኝ አለች። የኔም እጅ፣ ሳላዘው፣ ከትሪው ላይ ተነሳ። ሦስታችንም ቀና ብለን ተቀመጥን። ወጡ መሀላችን ላይ እንፋሎቱን እያወጣ ነው።

መጀመሪያ የሳቀችው ትርንጎ ናት። ሳቋን በነጠላዋ ልታፍነው ሞክራ አልቻለችም።

«አባየ፣ ገበታ የለየነው ለዚህ ነው» አለች። «እሷ ለእኔ ትተዋለች፣ እኔ ለእሷ እተዋለሁ፤ ሁለታችንም ጦማችንን እናድራለን። አሁን ደግሞ እርስዎ መጡልን።»

ቅርጫቱን ከአልጋው ሥር ጎትታ አሳየቻቸው፤ እስከየት ሞልቶ እንደነበርና እስከየት እንደጎደለ በእጇ ለካችላቸው። ከዚያም ሳህን አንስታ ከትሪው ላይ ድርሻቸውን አወጣችና ፊታቸው አስቀመጠች። አባየ ሳህኑን ብዙ ጊዜ አዩት። ለብቻቸው የወጣ ሳህን ቀርቦላቸው አያውቅም ነበር።

«እናታችሁም ሁልጊዜ ጠግቤያለሁ ነው የምትለው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «እኔም አምናታለሁ።»

ከዚያ በሉ። ሳህኑ እስኪጸዳ በሉ፤ እኛም፣ እኔ በሌላው ሳህን፣ ትርንጎ በትሪው ላይ በላን። ሲጨርሱ ውኃ ጠጥተው ተነሱና አህያውን ፈቱ። ስለ ልብሱ መሰብሰብ ማንም አላነሳም። በሩ ላይ ዞር ብለው ትርንጎን አዩና ጎመኗን ውኃ አታስጠሟት ብለው ሄዱ። አህያው ባዶውን ነበር።

ለፋሲካ ቤት ስንገባ መደርደሪያው ላይ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ አዲስ ሳህን አየሁ። የማን እንደሆነ ስጠይቅ እማየ ፊቷን አዙራ፣ አባትሽ ከገበያ አምጥቶ ለብቻሽ ብይ ይለኛል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል አለችኝ። እየተነጫነጨች ነበር። ጉንጯ ግን ሞላ ብሎ ነበር።

ትርንጎ ዛሬ አዴት ትሠራለች። ስትደውልልኝ በላሽ ወይ ብላ አትጠይቀኝም፤ ሳህንሽ ጸዳ ወይ ነው የምትለኝ። እነዚያን እህትና ወንድም ደግሞ ትናንት ጠርቼ ከቤቴ አንድ ትርፍ ምሳ ዕቃ ሰጠኋቸው። ልጅቷ ግራ ገብቷት፣ «መምህር፣ እኛ እኮ አልተጣላንም» አለችኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ገበታ ለይታችሁ ኑሩ አልልም፤ አብሮ መቁረስን የመሰለ ነገር የለም። ግን ዛሬ ማታ ቤትዎ ውስጥ ማን ቀድሞ «በቃኝ» እንደሚል ልብ ይበሉ። ነገ ወጡ ከመቅረቡ በፊት ለዚያ ሰው በሳህን ያውጡለት፣ አጠገቡም ቁጭ ይበሉ። ይቆጣዎት ይሆናል፤ ይቆጣ። ሳህኑ እስኪጸዳ ብቻ አይነሱ።